ቅጠሉ ሳይመዘዝ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ተረት የሚሰማው አባባ የሚጠገን ነገር በእጃቸው ሲይዙ ብቻ ነበር። ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ተረት ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም። የላላ መጥረቢያ ወይም የተበጠሰ የአህያ መጫኛ ካለ ያን ምሽት ተረት አለ ማለት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ተረቱም ያበቃል። ስለዚህ እኛ ልጆች ዕቃ በተሰበረ ቁጥር በልባችን ደስ ይለን ነበር።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። በጉብዝናቸው ከደንቢያ ወርደው ሽንፋ አጠገብ ጫካ መንጥረው ሰሊጥ ዘርተዋል። ያኔ ግን አርጅተው መሬቱን ለልጃቸው ለአጎቴ ለዓለሙ አስረክበው ነበር፤ የሚኖሩትም በእሱ ግቢ ነው። እኔና እናቴም አባቴ ከሞተ ወዲህ እዚያው ግቢ ጥግ ላይ አንዲት ጎጆ ተሰጥታን ነበር።

በዚያ ዓመት ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ በሂላ ቆሞ ነበር። ሂላ የምንለው ነዶዎቹ ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ፍሬያቸው አፉን እስኪከፍት የሚደርቁበትን ክምር ነው። ከዚያ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። በቤታችን ደንብ ታዲያ የመጀመሪያው ነዶ ማሰሪያ አይፈታም። ከቤቱ ልጆች አንዱ በሰንጢ ይቆርጠዋል። የቆረጠው ልጅ ምርቱ እስኪያልቅ ድረስ «የሂላው አባት» ይባላል፤ ማታ ማታ ከእርሻ ሲመለስም ትራክተሩ ላይ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአጎቴ ልጅ ይርጋ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ እኔ በአቧራው ውስጥ ቆሜ አይቼዋለሁ።

አባባ ሰንጢያቸውን ለእኔ የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ገበያ የገዟት፣ እጀታዋ የበሬ ቀንድ የሆነ አሮጌ ሰንጢ ነበረች። ስትከፈት ስለቷ እንደ ልጅ ጥርስ ይወላወላል፤ የእጀታዋ ጫፍም ተሰንጥቋል። የሚወላወል ስለት ነዶውን ይነቀንቀዋል፣ የተነቀነቀ ነዶ ደግሞ ፍሬውን ከሸራው ውጭ ይረጫል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰንጢ የያዘ ልጅ አይቆርጥም። ካጠበቅኳት እኔ እንደምቆርጥ አባባ በእናቴ ፊት ቃል ሰጡኝ።

የጠገንናት ሰሊጡ በሚራገፍበት ቀን ዋዜማ ነበር። ፀሐይ ጠልቃም ሙቀቱ ከመሬት ይወጣ ነበርና ደጅ ተቀመጥን። ለትንኝ የተለኮሰው ኩበት ይጨሳል፣ ምድጃው ላይ ፍም ተከምሯል፣ ፋኖሱ ደጅ ከወጣው አልጋ ቋሚ ላይ ተንጠልጥሏል። አባባ የተጣለ የትራክተር ዲስክ ገልብጠው መቀጥቀጫ አደረጉት። ስለቷን ከእጀታዋ ጋር የያዘው የተበላ ችንካር በሚስማር ተገፍቶ ወጣ፣ ስለቷም ከእጀታዋ ተለያየች። እንደዚያ ተበታትና ሳያት ዳግመኛ ሰንጢ የምትሆን አልመሰለኝም።

ያኔ ነው ተረቱ የጀመረው። አንበሳ ዳኛ ነው። ከርከሮ የሰውን ማሽላ ሌሊት በልቶ ሲያበቃ፣ በላችው ብሎ የከሰሰው ጃርትን ነው። ጃርት ምስክር አላት፤ ሁሉን ያየች ኤሊ። ኤሊዋ ግን ከወንዝ ማዶ ናት። አንበሳም ፀሐይ ሳትጠልቅ ምስክሯ ካልደረሰች የጃርት እሾህ አንድ በአንድ ይነቀል ብሎ ፈረደ።

አባባ ወፍራም ሚስማር ቆርጠው አዲስ ችንካር አበጁ። ሙጫ ከአመድ ጋር ፍም ላይ አቀለጡና ስንጥቁን ሞሉት። ከዚያ የደረቀ የማሽላ ቅጠል በምላጭ አሳስተው፣ ሰሊጥ ዘይት አጠጥተው፣ በስለቷና በእጀታዋ መካከል ሸጎጡት። ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ውሃ ውስጥ የዋለ የፍየል ጠፍር እጀታዋ ላይ እንደሚጠመጠም፣ ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ እንደሚጨምቃት፣ ቅጠሉ ከሌለ ስለቷ እንደምትታነቅ አስረዱኝ። ቅጠሉ ሌሊቱን እንዳለ ያድራል፤ ጠዋት ይመዘዛል፤ ያኔ በአንድ አውራ ጣት ትከፈታለች።

ችንካሩን የምመታው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ሰንጢዋን ይይዛሉ፣ እኔ በትንሿ መዶሻ እመታለሁ፣ በእያንዳንዱ ምት ኤሊዋ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። ጠንክሬ ስመታ ድንጋይ ትወጣለች፤ ስስት ትንሸራተታለች። ከርከሮ መንገድ ላይ እሾህ ይከምርባታል፣ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፣ አንበሳ ያዛጋል። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ እናቴ እንኳ የምታጥበውን ሳህን ይዛ ቆማ፣ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። የችንካሩ ጫፍ ተጨፍልቆ ኮፍያ እንዳበጀ አባባ እጃቸውን አነሱ። ጠፍሩን ጠመጠሙ፣ ቋጠሩ፣ ሰንጢዋን ሰጡኝ።

ወዘወዝኳት። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወዘወዝኳት። ድምፅ የለም። እጀታዋና ስለቷ አንድ አጥንት ሆነዋል። ተነስቼ አልጋውን እየዞርኩ ዘለልኩ፤ እናቴ ፋኖሱን እንዳልሰብረው ስትቆጣኝ እንኳ ሳቋ ያመልጣት ነበር።

«ኤሊዋስ አባባ?» አልኳቸው።

«ወንዙ ዳር ደርሳለች። ነገ ማታ እናሻግራታለን።»

ሰንጢዋን እንድትደርቅ ምሰሶው ላይ ሰቀልናት። እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ የነቃሁት ግን በትራክተር ድምፅ ነው። ምሰሶው ባዶ ነበር። ወጥቼ ስሮጥ ተሳቢው ሠራተኞቹን ጭኖ ከግቢው እየወጣ ነው። አባባ ከፊት ተቀምጠዋል፣ አጎቴ አጠገባቸው ነው፣ ይርጋም ሰንጢዋን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ቅጠሉ ሳይመዘዝ። እየጮህኩ ሮጥኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ከጎጃም የመጣ አንድ አጫጅ ነው ተንጠራርቶ በክንዴ አንጠልጥሎ ያስገባኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ፣ ሰሊጡ እኮ አይሸሽም» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም መናገር አቃተኝ።

ሸራው ተነጠፈ። አባባ መረቁ። አጎቴ ይርጋን ወደ ነዶው ገፋ አደረገው። ይርጋ ጥፍሩን አስገብቶ ሰንጢዋን ሊከፍት ሞከረ፤ እምቢ አለችው። አዙሮ ሞከረ። ጉልበቱ መሃል ይዞ ታገላት። ፊቱ ቀላ። ያው ጎጃሜ ከኋላ፣ «በጥርስህ ብትቆርጠው ይፈጥናል ወንድሜ» ሲል ሸራው ዙሪያ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ክፋቱ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበራ። አሁን ይጠሩኛል፣ ቅጠሉን እመዛለሁ፣ በአውራ ጣቴ እከፍታታለሁ ብዬ ነው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «የነካካት ይኸ ማሩ ነው። አበላሽቷታል» አለ።

ቅጠል እንዳለባት ነገርኩት። አልተመዘዘም፣ ስጡኝና ላውጣው አልኩ። ቀና ብሎ አባቱን አየ።

«አባባ፣ ማሩ ቅጠል አለ ይላል። ያውቃሉ?»

የአባባ ዓይን እኔ ላይ አረፈና ወደ ነዶው ሄደ።

«እኔ እንጃ ዓለሙ» አሉ። «የልጅ ነገር ነው።»

አጎቴ ከትራክተሩ ፒንሳ አምጥቶ ስለቷን በግድ አወጣት። ቅጠሉም አብሮ ወጣ፤ ቁርጥራጩ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን መሬቱ ሁሉ የደረቀ የሰሊጥ ቅጠል ነው፤ የእኔን ከሌላው ማን ይለየዋል? ይርጋ ቆረጠ። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች እልል አሉ። ነዶው ሲዘቀዘቅ ሰሊጡ እንደ ዝናብ ወረደ። እኔም ሰሊጥ እንዳልነካ ተከልክዬ የውሃውን በርሜል ስጠብቅ ዋልኩ።

ማታ አባባ አንዲት የላላች ማጭድ ይዘው ደጅ ተቀመጡ። ፍሙ አለ፣ ፋኖሱ አለ። ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ኤሊዋን ወንዙን ማሻገር ጀመሩ፤ ውሃው አንገቷ ደረሰ፣ ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነካች፣ ደረሰች። ሳላስበው አቋረጥኳቸው።

«ደርሳ እኔ እንጃ ብትልስ?»

ማጭዷ እጃቸው ላይ ቆመች። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት፣ ብልጭታው ወደ ላይ ወጣ።

«ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማለች፣ ልጄ» አሉ። «እኔ የማድረው በሰው ቤት ነው።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ የጠፋና የተሰበረ ሁሉ በእኔ ስም ሆነ። ውሃ መሳቢያው ቢቆም ማሩ ነክቶት ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ቢጣመም ማሩ ነው። ትራክተር አጠገብ እንዳልደርስ ተከለከልኩ። ትምህርት ቤት የላኩኝም «ይኸ ለእጅ ሥራ አይሆንም» ተብሎ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመረቅ አጎቴ በግ አርዶ፣ ያኔ ከመሬቱ ያራቀኝ ለእኔው አስቦ እንደነበረ ለእንግዶች ሲናገር ሰምቻለሁ። መሬቱ ዛሬ የይርጋ ነው። ዲግሪዬ የተሰቀለው በሐሰት ፍርድ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎች ዕድለኛ ሲሉኝ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አባባ ካረፉ ቆይቷል። ንግግራቸው የገባኝ ደመወዜ በሌላ ሰው ፊርማ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ገባኝ እንጂ አልበረደልኝም። የሚገርመኝ ግን ያን ምሽት ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ደስ ይለዋል፤ መዶሻዋ፣ የሙጫው ሽታ፣ የእናቴ የታፈነ ሳቅ። ፍርዱ እስከዚያ ምሽት ድረስ ተመልሶ ሊያበላሸው አልቻለም።

እኔም ገንዳ ውሃ ከተማ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። ልጆቼ ተረቱን ሲጠይቁኝ ከርከሮውን አመጣለሁ፣ ፀሐይዋን አዘቀዝቃለሁ፣ ኤሊዋንም ወንዙን አሻግሬ ዳኛው ፊት አቆማታለሁ። ከዚያ ትመሰክራለች። አይቻለሁ ትላለች፣ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ፤ ቤት አከራዩ ከወዲያ በኩል ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ፣ ጮክ ብላ።