በአያ ፈንታ ስም የገባሁት እኔ ነኝ

ትናንት፣ ሰኞ። ሐምሲን፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ነበር፤ ሰማዩ ቢጫ፣ አቧራው ጥርስ ስር የሚንቀጫቀጭ። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከመሬት በታች ባለው ሚቅላት፣ የቦምብ መጠለያው ውስጥ ሦስት ነበርን፦ ትርንጎ፣ ሩሲያዊው ጎረቤታችን ቦሪስና እኔ። አያ ፈንታ አልነበረም። አያ ፈንታ ሞቷል። ጽፌውም አላመንኩትም።

ለማታውቁት፣ አያ ፈንታ የትርንጎ ታላቅ ወንድም ነው። ኤመቅ ሳራ፣ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ መጋዘን ይሠራ ነበር። የሆነ ቢሮ የጣላቸውን አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች በጋሪ እየገፋ አመጣና መጠለያው ውስጥ በኬብል አያያዛቸው። የድሮ የተኩስ ጨዋታ ጫነባቸው። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል። ልጆቻችን ሳቁብን። እኛ ግን ሰኞ ሰኞ ከሥራ መልስ አንቀርም ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያለችኝን ንባብ ከተጣለ ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ነው የለቀምኳት። ጨዋታው እንዴት እንደሚከፈት አያ ፈንታ ሲያሳየኝ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩት። አልሳቀብኝም።

አንድ ሕግ ነበረው። ሰው ሲገባ መሳሪያ ይወርዳል፣ ጎንበስ ተብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ተኩሱ ከዚያ ነው። አንዴ አያ ፈንታ ገና ሲገባ ቦሪስ ተኮሰበት። አያ ፈንታ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። "አንተ ሰው! ሳይሳለሙ መግደል ምን የሚሉት ብልግና ነው?" ቦሪስ "ስሊኻ፣ ፈንታ፣ ስሊኻ" እያለ፣ ይቅርታ እየለመነ፣ ጨዋታው ውስጥ አስር ጊዜ ጎንበስ ቀና አለ። ትርንጎ በሳቅ ከወንበሯ ወደቀች።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ አያ ፈንታ ሥራ ቦታው ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ስምንት ሰዓት ላይ አጎታቸው አባባ ተሰማ ደወሉልኝ። "መርዶ በንጋት ነው የሚነገር። ዘመድ እስኪሰበሰብ ትርንጎ እንዳትሰማ። ያ ከምድር በታች ያለው ቤታችሁ ስልክ አይሠራበትም አሉ። እዚያ አቆዪያት።"

"እሺ አባባ" አልኩ። እኔ ለሽማግሌ መልሼ አላውቅም።

ልማዱን አውቃለሁ። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ግን አስር ሰዓት ሳይሞላ ይህን ከምታነቡት አንዱ የአያ ፈንታን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አወጣ። እህቱ ሳትሰማ! ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ለስንት ላይክ ነው? ስልኳን "ቻርጅ ላድርግልሽ" ብዬ ተቀብያት፣ በኋላ "ቤቴ ረሳሁት" ብዬ የዋሸኋት በሱ ምክንያት ነው።

ጨዋታው የሚከፈተው ከአያ ፈንታ ኮምፒውተር ነው። "ስክሪኔን ትሰልላላችሁ" ብሎ ከግድግዳው ኋላ፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ገብቼ በካርቶኔ እየተመራሁ ከፈትኩ። ስም መቀየር የሚባለውን ነገር ረሳሁት። ኮምፒውተሩ ለካ የሱን ስም ይዞት ኖሯል።

ከግድግዳው ማዶ የትርንጎ ድምፅ መጣ። "ውይ! አያ ፈንታ ገባ! በየት በኩል መጣህ አንተ?"

መጠለያው በትንሿ ክፍል በኩል የኋላ በር አለው። በዚያ የመጣ መስሏት ነው።

ቦሪስ መሞቱን ያውቃል። እኔም እኔ ነኝ አላልኳትም።

"ብርቄ፣ እሱን ተይውና አንቺም ግቢ እንጂ!" ብላ ጠራችኝ። ቀጥላ ወደ ወንድሟ፦ "ሰላምታ እንኳን የለም ዛሬ? ኮራህብን? ቆይ!" መጥታ ገደለችኝ። ገደለችው። "ተነሳ!" ተነሳሁ። ደግማ ገደለችኝ። ሰባት ጊዜ። በየመሃሉ እየሳቀች "እጅህ የት ሄደ ዛሬ፣ አንተ ሽማግሌ!" ትላለች።

ከዚያ ልታየው ተነስታ መጣች። ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

"የታለ?"

"ራሱን አመመው። በኋላ በር ወጣ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ አስራ አንድ ሰው ሆነን ሦስተኛ ፎቅ፣ ቤቷ ወጣን። አባባ ተሰማ ተናገሩ። ትርንጎ ደረቷን እየደቃች "ትናንት እኮ አብረን ነበርን! አኩርፎኝ ነው የሄደ! ሰላም ሳይለኝ!" አለች።

አባባ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ተይ፣ እንዲሁ ይለፍ። አብሬው ነበርኩ ብላ ትጽናናበታለች" አሉኝ።

በምኑ ነው የምትጽናናው? ወንድሜ አኩርፎኝ ሞተ ብላ?

"ትርንጎዬ፣ እኔ ነበርኩ። በሱ ስም የገባሁት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት እሱ አልነበረም" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ደረቷን መምታቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ሰዓት ነው የሞተ?"

"ስድስት።"

"እኛ የተጫወትነው?"

"አስር።"

በጣቷ ቆጠረች። "ውጪልኝ" አለች።

ከጠዋት ጀምሮ በዋትሳፕ "ሽማግሌ አዋረድሽ" የምትሉኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። አዎ፣ ተናገርኩ። ነገም ቢሆን እናገራለሁ። ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን የተሠራውን ልማድ ይዘን አንዲት ሴት የሞተ ወንድሟን እየሳቀች እንድትገድል አደረግናት። እኔ አለሁበት፤ እናንተም አላችሁበት።

ከቤቷ ስወጣ ወደ መጠለያው ወረድኩ። ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ እንደበራ ነበር። አጠፋሁት። ሶኬቱን ነቀልኩ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋሁ። የበሩን ቁልፍ ለቦሪስ ሰጠሁት። ተመልሼ የትርንጎ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው።

አያ ፈንታ። ባንተም ተናድጃለሁ። ለካ ደረትህን ሲያምህ ከርሞ፣ የሐኪም ቶርህን፣ ቀጠሮህን፣ ሰርዘህ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልክም። አንተም ደበቅከን። በስምህ ገብቼ እህትህን ስላሞኘኋት ይቅር በለኝ። ዛሬ ስትቀበር ከሰው ሁሉ ኋላ እቆማለሁ፤ ትርንጎ ካባረረችኝ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ቆሜ ግን እሸኝሃለሁ። ደህና ሂድ፣ ወንድሜ።