በራሷ ስልክ አንደኛ የነበረችው ሀኒፋ

ሀኒፋ ለቡ ዋናው መንገድ ዳር በነበራት ሱቅ መጋረጃ ትሰፋ ነበር። አዲስ ቤት የገባ ሰው ከታክሲ ሲወርድ በሯ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ያያል፤ ገብቶም ያዝዛል። የሠፈሩ መስኮት ግማሹ የእጇን ሥራ ለብሷል ብል አላጋነንሁም።

አከራይዋ ኪራይ እጨምራለሁ ባሉ ሰሞን ወንድሟ ሃሩን ድረ ገጽ አሠራላት። ጥቂት ቀናት ገጿን ስትከፍት ስትዘጋ ከረመችና «መጋረጃ ለቡ» ብላ በስልኳ ብትፈልግ ስሟ ከሁሉ በላይ ወጣ። ደስታዋ ወሰን አጣ። የእድሯን አባላት አስተባበረች፤ እነርሱም ለድንኳን ተከላ እንደሚጠራሩት ሁሉ እየተጠራሩ በየማለዳው ገጿን ይከፍቱላት ጀመር። የፍለጋው ደረጃ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን መስሏቸው ነበር።

«ሱቁን ልትለቂ ነው አሉ» አልኋት አንድ ቀን፣ እኔ ጡረተኛው የሠፈሩ መምህር።

«አዎ ጋሼ፤ ጓሮ ያለችው ክፍሌ ትበቃኛለች። አንደኛ የወጣ ሰው መንገድ ዳር ምን ይሠራል?»

«አንደኛ መውጣትሽን ማን ነገረሽ?»

«ስልኬ ነዋ! ጋሼ ደግሞ ጡረታ ወጥተውም እርማት አይተዉ!»

አብረዋት የነበሩት የእድሩ ሴቶች ሳቁ። ሱቁንም ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ አዲስ ደንበኛ አልደወለም። በመጨረሻ ድረ ገጽ በመሥራት የምትተዳደረው የድሮ ደንበኛዋ ኤሌኒ መጋረጃ ልታሳጥር መጣች። ሀኒፋ ለመነቻትና ኤሌኒ በራሷ ስልክ «መጋረጃ ለቡ» ብላ ፈለገችላት። ወደ ታች ብትወርድ፣ ብትወርድ፣ የሀኒፋ ስም የለም።

«ሀኒፍዬ፣ ሁልጊዜ ስለምትከፍቺው ላንቺ ያስቀድምልሻል እንጂ ለሌላው ሰው አይደለም።»

«የእድሩ ሰው ሁሉ እየከፈተልኝ?»

«ማሽን እድር ያውቃል እንዴ! ገጽሽ ላይ ያለው ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የጨርቁ ዓይነት የለ፣ የሰፋሽው ፎቶ የለ፣ ስላንቺ የሚያነሳ ሌላ ገጽ የለ። የጠየቁትን ካልመለሰ በምን ይቀድማል?»

«እና ሱቄስ?»

ኤሌኒ መጋረጃዋን ማጣጠፍ ያዘች።

ያጨበጨበላት ሰው ብዙ ነበር፤ «በማያውቅሽ ሰው ስልክ እስቲ ፈልጊ» ያላት ግን አልነበረም። ማጨብጨብ ሁልጊዜ ይቀልላል።

በማግሥቱ አከራይዋ ዘንድ ብትሄድ ሱቁን ዚነት የምትባል ሌላ መጋረጃ ሰፊ ተከራይታዋለች። ዛሬ ሀኒፋ እዚያው ተቀጥራ ትሰፋለች። ደንበኞች የሰፋችውን እየዳሰሱ ዚነትን «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። ሀኒፋ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አትልም።