ግድግዳው ላይ የሳልኳት ሴት

ዛሬ ጠዋት በቆሎ ጥብሴን እየፈለፈልኩ ጭሮ ገበያ ወዳለው ቀለም ቤት ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ ሳቀ። «ጋሼ፣ ትምህርት ሳይከፈት ቀለም?» አለኝ። ምን ላድርግ፣ ነሐሴ ሲያልቅ እንዲህ ያደርገኛል። ጭቃው ሳይደርቅ ልጆች ደብተር ይለብዳሉ፣ እኔ ደግሞ በስተርጅና ቀለም መበጥበጥ ያምረኛል።

ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ወደዚህ ስመጣ ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር፤ የእኔም ጢም በቅጡ አልበቀለም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌቱ ቁጥብ ግን ቅን ሰው ነበሩ። አንድ አሮጌ ክፍል አሳዩኝና «ወላጆች ለሥዕል ክበብ ልጆቻቸውን ካስመዘገቡ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልሆነ የተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫ ይሆናል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ክፍሉን ጠረግሁ፣ ኖራ ቀባሁ፤ ወላጅ ሁሉ እንዲያይልኝ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፊት አግዝፌ ሳልሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሥዕል ማለት ዓይን ነው ብዬ አምን ነበር። የሷ ዓይኖች እስከ ግቢው መግቢያ ድረስ ያፈጥጣሉ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ምዝገባው ተጀመረ። ወላጆች ይመጣሉ፣ ግድግዳውን ያያሉ፣ በትሕትና ሰላም ይሉኝና ልጃቸውን ለስፖርት ወይም ለአትክልት ክበብ አስመዝግበው ይሄዳሉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ዝንብ አባርራለሁ።

በመጨረሻው ቀን ሰፈሩ የሚያከብራቸው የቁርኣን መምህር ሼህ አህመድ ልጃቸውን ፋጡማን ይዘው መጡ። ሥዕሉን ቆም ብለው አዩት።

«አካም ጅርታ፣ መምህር። ቆንጆ ናት፣ ወላሂ። ግን እኛ ጋ ነፍስ ያለው ነገር መሳል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ወላጅ የሸሸው እሱን ነው፣ አንተን አልጠላም።»

«ታዲያ ምነው አንድ ሰው እንኳ ሳይነግረኝ?»

«እንግዳ ነህ። እንግዳን ማን ያሳፍራል?»

ሁሉም እኔን ላለማሳፈር ዝም ሲሉ ክፍሌን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። «እንግዲያው ምን ላስተምራቸው?» አልኳቸው።

ሼሁ በከዘራቸው ተራራውንና በደጁ የቆመውን ማሽላ አሳዩኝ። «አላህ ይሄን ሁሉ ሰጥቶ፣ አልበቃህም?»

ኖራዬን አንስቼ ሴቲቱን መሸፈን ጀመርኩ። ዓይኖቿን ለመጨረሻ አቆየኋቸው፤ ወድጃት ነበር። ሼሁ አላስቸኮሉኝም። ስጨርስ ፋጡማን አስመዘገቡና ወጡ። መንገድ ላይ ለማን ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ብቻ ሳይመሽ በክፍሌ በር ላይ የወላጅ ሰልፍ ተሠራ። መስከረም ላይ ልጆቹ ማሽላውን በሰማያዊ ሳይቀር ሲስሉት፣ እኔ ከደስታ የተነሳ ማረም አቅቶኝ ነበር።

አሁን ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነው የቀረኝ። ወጣት መምህራን «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ መስከረም ምኑ ያጓጓዎታል?» ይሉኛል። ከጉጉቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚበዛብኝ። ባዶ ክፍል ፊት የተቀመጥኩባት ያቺ ሳምንት እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም፤ ዘንድሮም ማንም ባይመጣስ እያልኩ እሰጋለሁ። ይህ ስጋት የተወኝ ቀን፣ የጡረታ ደብዳቤው ባይደርሰኝም፣ ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ ማለት ነው።