የመርከቡ ግብዣ

ባለቤቴ ከሥራ ደውሎ «ኦቨርታይም ሰጡኝ፣ እቆያለሁ» ሲለኝ «እሺ» ብዬው አላውቅም ነበር። «ቪዲዮ አብራ» ነው የምለው። ያበራል። ስልኩን ዞር ዞር አድርጎ መጋዘኑን ያሳየኛል፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ካርቶን፣ ወዲያ ወዲህ የሚለውን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት፣ አንዳንዴም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ እጁን የሚያውለበልብልኝን ባልደረባውን። ካርቶን ካላየሁ ልቤ አያርፍም። እሱም ለምዶት ነበር፤ ሳልጠይቀው የሚያበራበት ቀን ሁሉ ነበር። ሚስት መሆኔ ቀርቶ የመጋዘን ጥበቃ ሆኜ ነበር።

እዚህ ያደረሰን ቁማር ነው። በምንኖርባት በኮሎምበስ ምዕራብ፣ ፍራንክሊንተን ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ካዚኖ አለ። መጀመሪያ የሄደው ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እራት ሊበላ ነው። ቀጥሎ ለብቻው ሄደ። ከዚያ በኋላማ ኦቨርታይም እያለኝ፣ መኪናዋ ቆመችብኝ እያለኝ፣ የታመመ ጓደኛ እጠይቃለሁ እያለኝ ነው። ውሸቱ ደግሞ ያማረ ነበር። የጓደኛውን ሕመም ከነምልክቱ ይነግረኛል። እኔ ሞኟ ለዚያ በሽተኛ ሾርባ ሠርቼ ልኬለታለሁ። ያን ሾርባ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመኪና መቀየሪያ ብለን ያስቀመጥነው ገንዘብ እንዳለ ማለቁን ባወቅሁ ቀን ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ሻንጣዬን ከእጄ ወስደው ያስቀመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በሰፈራችን በሊንደን ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስንጋባ ሽማግሌ ሆነው የቆሙልን። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር መጥተው ሶፋችን ላይ ተቀመጡና ባሌን ፊታቸው አቆሙት። ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ይህ እጅ ከእንግዲህ የቁማር ማሽን አይነካም በል» አሉት። አለ። «ብነካ ቤቴ ይፍረስ በል።» ይህንንም አለ፤ እንባው እየወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺም ነገሩን ለማንም እንዳታወሪ፤ የባልሽ ገመና ያንቺ ገመና ነው» አሉኝ። ከአራታችን በቀር የሰማ አልነበረም። የገዛ ልጃቸው እንኳ አያውቅም።

ልጃቸው ከኮሎምበስ ዳር፣ ደብሊን በምትባለው ከተማ ነው የሚኖረው፤ ጥሩ ሥራ ያለው፣ ወላጆቹን የሚወድ ልጅ ነው። ለጋብቻቸው በዓል ብሎ የመርከብ ሽርሽር ገዛላቸው። ገዝቶም አላበቃ፣ እኛ ቤት መጣ።

«እናንተም አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ማይ ፓረንትስ ኢንግሊሽ ላይ ሄልፕ ያስፈልጋቸዋል። ኦልሬዲ ቡክ አድርጌላችኋለሁ፣ ዶንት ዎሪ» አለን።

ምን እንበለው? እናትና አባቱ በደስታ ሻንጣ መሸከፍ ጀምረዋል። «አንሄድም» ብንል «ለምን?» ይላል፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ አይነገርም። ያን ዕለት ልጁ እንደወጣ ባሌ ራሱ «መርከቡ ላይ ካዚኖ አለ፣ እወቂው» አለኝ። ይህን መናገሩ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ፣ እንዴት አወቀ ብዬ ተብከነከንኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ጋሼን ብናማክራቸው ሳቁብን።

«ኮሎምበስስ ካዚኖ የለም እንዴ? እየኖርክባት አይደል? መርከቡንም እንደዚያው ኑርበት» አሉት።

ከኮሎምበስ ወደ ፍሎሪዳ በረርን፤ ከዚያ መርከቡ ላይ ወጣን። መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ ካርዳችንን ስትሰጠን ለጋሼ ሁለት ስጦታ እንዳላቸው ነገረቻቸው። ከባለ በረንዳው ክፍላቸው ጋር የመጣ ነው፤ መስኮት የሌላት የእኛ ክፍል ምንም የላትም። ባሌ ተረጎመላቸው። አንደኛው መርከቡ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ገንዘብ ነው፤ ሱቅም መታሻም ይከፈልበታል፣ ሳይጠቀሙበት ከወረዱ ይጠፋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ምላሱ ተያዘ።

«ሁለተኛው ነፃ መጫወቻ ነው፤ ካዚኖ ውስጥ» አለ፤ ወለሉን እያየ።

«ነፃ? መልሰን አንከፍልም?» አሉ ጋሼ።

«አይከፈልም። ማሽኑ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ካሸነፉ ያሸነፉት የእርስዎ ነው።»

ጋሼ አገጫቸውን እያሻሹ ካርዳቸውን አገላብጠው አዩት። ያን አተያያቸውን አልወደድኩትም።

መርከቡ ላይ የደረሰብኝን አሳር ማንም አያውቅልኝም። ካዚኖው በር የለውም። ምግብ ቤቱ በአንድ ጫፍ፣ ትርኢት የሚታይበት አዳራሽ በሌላው ጫፍ፣ መሐሉ በሙሉ ማሽን ነው። ምሳ በልቶ ለመመለስ በዚያ መሐል ማለፍ ግድ ነው። እኔ በማሽኖቹ በኩል፣ ባሌን በግድግዳው በኩል አድርጌ፣ ክንዱን ይዤ እሄዳለሁ። ያየን ሰው ፍቅር ነው ይላል። ሲብስብኝ በውጭ በኩል በመርከቡ ጠርዝ እናዞራቸዋለን፤ ነፋሱ የእትዬን ነጠላ እየገለበ፣ ጋሼ ጉልበታቸውን እየያዙ «ምን አሳብዷችሁ ነው?» እያሉ። አንድ እረፍት ነበረኝ፤ መርከቡ ወደብ ሲቆም ካዚኖው ይዘጋል። ሌላው ሰው ባሕሩን ሲያይ እኔ የብስ ነበር የምፈልገው።

እትዬ የድርሻቸውን ስጦታ ቶሎ ጨረሱ። እግር መታሸት ደስ ይላል ብዬ ወሰድኳቸው። ጋደም ብለው ሲጠብቁ የሚያሸው ጎረምሳ ገባ። ብድግ ብለው ጫማቸውን አጠለቁና «እንኳን ይህ ልጅ፣ ባሌም እግሬን አሽቶኝ አያውቅ!» ብለው ወጡ። በገንዘቡ ሽቶ ገዙበት። የጋሼ ስጦታ ግን እንዳለ ተቀመጠ፤ እሳቸውም በየምሳው ያነሱታል።

«ሰው ያቀረበልህን ሳትቀምስ ብትነሳ ባለቤቱን ንቀኸዋል ማለት ነው» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ኩባንያ እኮ ነው» እላለሁ።

«ኩባንያ ሰው አይደለም? ይሉኝታ ነው ነገሩ» ይላሉ።

የመጨረሻው ቀን ሙሉውን ባሕር ላይ ነበር። ምሳ በልተን እንደተነሳን ጋሼ ማሽኖቹ መሐል ቀጥ አሉ።

«ነገ ከወረድን ይጠፋል አይደል? በል ና፣ አሳየኝ» አሉት ባሌን።

«ጋሼ፣ ቃሌስ?»

«ቃልህ እጅህ ላይ ነው። እጅህን አታንሳ። በአፍህ ብቻ ንገረኝ። ደግሞ ቁማር ማለት ገንዘብህን ስታስይዝ ነው፤ ይህ ግብዣ ነው።»

ባሌ አየኝ። እሺም እምቢም እንድል አይደለም፤ አድኚኝ ነው የሚለው። ተናደድኩ። ያስማሉት እሳቸው፣ አሁን የሚጠሩት እሳቸው! አፌን ከፈትኩ። ግን ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ ትዳሬን ላቆመ ሽማግሌ «አይሆንም» የሚል ቃል ከየት ይምጣ? ጋሼ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ባሌ አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ከጭኑ በታች አድርጎ ተጫናቸው። እኔና እትዬ ከኋላ ቆምን።

«ካርዱን እዚህ ያስገቡ። የሚስጥር ቁጥርዎን ይጻፉ። ነፃ የሚለውን ይንኩ። አሁን ትልቁን ይጫኑ።»

ጋሼ እንደ ደወል በአንድ ጣት ተጫኑ። ምስሉ ዞሮ ቆመ፤ ምንም። ደገሙት፤ ምንም። መቼም ያልቅና እንገላገላለን ብዬ መጽናናት ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ የሚያስይዙትን ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አለ።

ያን ድምፅ አልረሳውም። ሕፃን የሚያባብል ዓይነት፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር፤ እኔን እንኳ እንዲያ አናግሮኝ አያውቅም። ዓይኑ አይርገበገብም። ጋሼ ከፍ አደረጉ፤ ማሽኑ ጮኸ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ጋሼ አጨበጨቡ። እትዬ እልል ሊሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ያዝኳቸው።

ነፃው አልቆ ያሸነፉት ብቻ ቀረ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ቀምሰዋል። ይህን አውጥተን እንሂድ» አልኳቸው።

«አንዴ ብቻ» አሉ።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። «አንዴ ብቻ» የእሱ ቃል ነበር። ከቤታችን የወጣው ገንዘብ ሁሉ በዚያ ቃል ነው የወጣው። አሁን ከጋሼ አፍ ስንሰማው ሁለታችንም ደነገጥን። ጋሼ ግን አላዩንም። እትዬ ትከሻቸውን ነካ አድርገው «በቃ እንሂድ» ቢሏቸው ጋሼ የእትዬን እጅ ከትከሻቸው ላይ ገፍተው አወረዱት፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ያ የተከበረ ወገባቸው ጎብጦ ፊታቸው ማሽኑ ላይ ሊለጠፍ ደርሷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ያሸነፉት ሁሉ ጥቂት በጥቂት ተመልሶ ገባ።

ማሽኑ ቆመ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከኋላቸው ሆኜ አነበብኩት፦ ገንዘብዎ አልቋል፤ ከክፍልዎ ሂሳብ ይጨመርልዎ? የሚል ነው። ከሥሩ ትልቅ አረንጓዴ «አዎ»፣ ትንሽ ግራጫ «አይ» አለ። የክፍሉ ሂሳብ የልጃቸው ክሬዲት ካርድ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

ባሌ አረንጓዴውን አየ። ልቡ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አረንጓዴውን ይጫኑ ቢል ጋሼ ይጫናሉ። የማሉት እጆቹ ከጭኑ ሥር እንዳሉ፣ በጋሼ ጣት እስከ ማታ ሊጫወት ይችላል። መሐላው አይፈርስም፣ ማንም አይወቅሰውም። እኔም ውስጤ ቆረጠ፤ ይህን ካለ፣ ኮሎምበስ ስንወርድ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሌላ ቤት ነው የምሄደው፤ አሁን ደግሞ የሚያስታርቀን ሽማግሌ የለም። የያዝኩላቸውን የእትዬን የሽቶ ከረጢት ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

«አልቋል ይላል» አለ ባሌ።

«ሌላ ምንም የለውም? ይሄ አረንጓዴውስ?»

«የለውም። ስለመጡ እናመሰግናለን ነው የሚለው።»

የጋሼ ጣት ወደ አረንጓዴው እንደተዘረጋ ቆየ። ባሌ ላብ ከግንባሩ ሲወርድ እንኳ እጁን አላወጣም።

«ካርድዎን ይሳቡት ጋሼ፤ እኔ እንዳልነካው» አለ።

ጋሼ ሳቡት። እትዬ ከእጃቸው ላይ ነጥቀው ደረታቸው ውስጥ ወሸቁት። ጋሼ ወገባቸውን እንደምንም አቀኑና ዙሪያቸውን እንደ እንግዳ ሰው አዩ።

«ጨዋ ጋባዥ ነው። ሲያልቅበት አልቋል ይላል» አሉ።

እነሱን ክፍላቸው አድርሰን እኔና ባሌ ወደ ውጭ ወጣን። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። እጆቹን ዘርግቶ ሲያያቸው የወንበሩ ስፌት መዳፉ ላይ ታትሞ ነበር። ደንዝዘዋል፤ ጣቱን ማጠፍ አቃተው። ይዤ አሻሸሁለት።

«ምን ይል እንደነበር አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ዋሸሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። የዋሸኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ በዚህኛው ግን አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ይህን ብዬ ልቤ በዚያው ረጋ ብል እኔም ውሸታም ነኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ «ከፍ ያድርጉት» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ያን ያለውም «አልቋል ይላል» ያለውም አንድ ሰው ነው፤ በተመሳሳይ አፍ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ። ከሁለቱ ከየትኛው ጋር እንደምኖር የመጋዘኑን ካርቶን በማየት ላውቅ እንደማልችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከሽርሽሩ ተመልሰን ሥራ በገባ ሰሞን ባሌ ደወለ።

«ኦቨርታይም ሰጡኝ፣ እቆያለሁ» አለ።

ከጀርባው ድምፅ የለም። የፎርክሊፍቱ ጩኸት የለም፣ ሰው የለም። የምለውን እየጠበቀ ነው።

«እሺ። እራትህን አስቀምጥልሃለሁ» አልኩት።

«ቪዲዮ ላብራ?» አለ።

«አታብራ።»

እሱ ስልኩን አልዘጋውም። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ የት ቆሞ እንደሚተነፍስ አላውቅም። ቀድሜ ዘጋሁትና እራቱን ከደንኩለት።