ወደ ቡሌ ከመሄዱ በፊት በነበረው እሑድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶስና «ቤት ውስጥ ታፍነሽ አትሙቺብኝ» ብላ በግድ አወጣችኝ። ከወንዙ ዳር አዲስ በተሠራው የእግርና የሳይክል መንገድ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ጥቁሬን እንደለበስኩ ነበር። ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እያወሩ፣ የትም ለመድረስ ሳይቸኩሉ በሳይክል ያልፋሉ። ሳያቸው ከባለቤቴ ከምትኩ ጋር የሄድነው መንገድ መጣብኝ።

ያኔ ባለቤቴ አልነበረም፤ የወንድሜ ጓደኛ፣ ገና የተመረቀ አስተማሪ ነበር። ቡሌ የምትባል ደጋ አገር ተመድቦ ሰኞ ሊሄድ ነው። በዚያን ጊዜ የቡሌ መንገድ ከጨቀየ ሰው ለወራት አይወርድም። በዚህ ላይ አባቴ እኔን ለሌላ ሰው ሊጠይቁ ከይርጋ ጨፌ ለመጡ ሽማግሌዎች በሳምንቱ መልስ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ምትኩ እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሴት ልጅ ደግሞ ራሷ እንዴት ትጀምራለች?

እሑድ ከሰዓት የወንድሜን ሳይክል ለምኜ፣ ምትኩም የራሱን ይዞ ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ወጣን፤ ብዙም ሳንርቅ ወደ ውስጥ ታጠፍን። መስከረም ነበር። መንገዱ በእንሰትና በቡና መካከል ይሄዳል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ፀሐዩን ከላይ ያጣሩታል። መሬቱ ርጥብ ስለሆነ ጎማው ድምፅ የለውም። የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን በአንድ እጅ እየጋጥን በአንድ እጅ እንነዳለን። ጊዜ ካገኘ ይናገራል ብዬ ሆን ብዬ ቀስ አልኩ። እሱም ቀስ አለ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ወንድሜ አወራን፤ ስለ ሳይክሉ ሰንሰለት ሳይቀር አወራን።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አዩንና አንዷ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ በዚህ አነዳድ ኤሊም ይቀድማችኋል!» አለች።

«ይቅደመን፣ እናቴ፤ እሱ ጉዳይ ይኖረዋል» አላት ምትኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቂት እንደሄድን ከአንድ ግቢ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። በለቅሶ ቤት ደጅ ሳይክል ላይ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው። ወርደን፣ ሳይክሎቹን አጥር ላይ አስደግፈን ገባን። ሟቹን አናውቃቸውም፤ ቢሆንም ቦታ ለቀቁልን፣ ቆጮና የባቄላ ንፍሮ ሰጡን። ባል የሞተባቸው ሴትዮ በጣም ያረጁ ነበሩ። እጄን ይዘው፣ ምትኩን በአገጫቸው እያሳዩ «ባልሽ ነው?» አሉኝ።

ምትኩ ቀና ብሎ አየኝ። መልሱን ከእሳቸው ጋር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«አዎ» አልኳቸው።

«እግዜር ያቆይላችሁ፣ ልጄ። እኔና እሱ ብዙ ኖርን፤ ግን አልበቃኝም» አሉና እንደገና አለቀሱ። ይህ ሁሉ ዕድሜ እንዴት አይበቃም ብዬ በልቤ ተገረምኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።

ከወጣን በኋላ ሳይክላችንን እየገፋን ብዙ ሄድን። ጆሮዬ ሳይቀር ግሎ ነበር።

«አንቺ ፀሐይ» አለኝ በመጨረሻ፣ «በለቅሶ ቤት ይዋሻል?»

«አልዋሸሁም፤ ቸኮልኩ እንጂ።»

ቆመ። «እንግዲያው ዛሬውኑ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

«ቡሌ ደርሰህ በደብዳቤ ልትጠይቀኝ ነበር?»

«ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ስለማመደው ነው የከረምኩት» አለ፤ ከዚያም ከት ብሎ ሳቀ። ወደ ዲላ ስንመለስ ግን ቀስ አላልንም። ምትኩ የሚልካቸው ሽማግሌዎች እራት ሳይቀርብላቸው መድረስ ነበረብን።

በትዳራችንም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነበርን። ቤት ስንሠራ፣ ልጆች ስናስተምር፣ ሐኪም ቤት እንኳ ስንሄድ እኔ እሮጣለሁ፤ እሱ ጫማውን አጥብቆ እያሰረ «ይደርሳል» ይለኛል። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። እንዳረጀን ደግሞ ያ ቀስታው ለእኔ የተቀመጠ ስንቅ መሰለኝ፤ ይህ ሰው የትም ቶሎ አይሄድም ብዬ ተማመንኩበት። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ቸኮለ፤ እሱም ባለፈው ሐምሌ፣ ቀድሞኝ ሲሄድ ነው።