መልሳ የምታነበዋ

ሠፈሩ «ሃምሳ አለቃ» ይላታል። ጦሩን ከለቀቀች አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናትም ማዕረጉ ተጣብቆባት ቀርቷል። ገበያው ጥግ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ትጠግናለች። ደንበኛ ብልሽቱን ሲነግራት ዝም ብላ ታዳምጥና ቃል በቃል መልሳ ትነግረዋለች፤ «ውሃ ውስጥ ወድቋል፣ ድምፅ አለው፣ ብርሃን የለውም። ልክ ነኝ?» ልክ ነሽ እስክትባል ድረስ ካቻቢቴዋን አታነሳም። ሰው ይስቅባታል። ሃያ ዓመት ጦር ሬዲዮ ላይ ለተቀመጠች ሴት ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ትእዛዝ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስለዚህ ከመተላለፉ በፊት መልሶ ይነበባል።

የምርጫው ሰሞን ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትን ጡረተኛ ጄኔራል ሲደግፍ፣ ገሚሱ ጠመንጃ ይዞ የማያውቀውን መሐንዲስ ያዘ። ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ የጄኔራሉ ወገን ነው፤ «ጦርን የማያውቅ ሰው ጦር ያዛል?» እያለ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። እሷ ለማንም አልወገነችም። አንድ ልጇ ድንበር ላይ ወታደር ነው። የሚመረጠው ሰው ነገ ተነስቶ «ተሻገሩ» ቢል የሚሻገረው እሱ ነው።

ጄኔራሉ ድሮ፣ ሻለቃ ሳሉ፣ አለቃዋ ነበሩ። ይህን የሚያውቀው ዋርሳዋ፣ ጄኔራሉ ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ ሠፈሩ አዳራሽ ሲመጡ መድረክ ላይ ወጥታ እንድትመሰክርላቸው ለመናት። እሺ አለችው። ደስታው ልክ አጣ፤ ምን ልትዪ ነው ብሎ አልጠየቃትም።

ቀኑ ደርሶ ወጣች። ጄኔራሉ ቆራጥ እንደነበሩ፣ ወታደሩ ሳይበላ እንደማይበሉ ተናገረች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥላ የአንድ ጠዋት ነገር አነሳች። ሻለቃው መድፈኞቹ የሚመቱትን ቦታ እንድታስተላልፍ የካርታ ቁጥሩን ነገሯት። መልሳ አነበበችላቸው። ሰምተሻል፣ አስተላልፊ አሏት። ቁጥሩ ስላጠራጠራት አላስተላለፈችም፤ ደግማ አነበበች። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብላቸው ነው ተናደው ካርታውን ያዩት። ቦታው የራሳቸው አርባ ወታደሮች የሠፈሩበት ነበር። ቁጥሩ ታረመ፣ አርባውም ተረፉ። እሷ ግን በአለቃዋ ላይ አፏን ከፍታለች ተብላ አሥራ አምስት ቀን ታሰረች።

ዋርሳዋ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጌታዬ፣ ወታደርነትዎን አልነቅፍም፤ እኔም ወታደር ነኝ» አለች። «መሳሳትም የሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ዛሬ ቢሆን ያስሩኛል?»

ጄኔራሉ ፈገግ አሉ። «ሃምሳ አለቃ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ደጋፊዎቻቸው አጨበጨቡ። እሷ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥታ ወረደች። ከልቧ አዘነች፤ ሰውየውን ታከብራቸው ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዋርሳዋ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ ቆየ። በሰው ፊት እንዳዋረደችው፣ ከእንግዲህ ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ እንደማያውቅ ነገራት። በሯ ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«ታዲያ ያንን ከእርሳስ በቀር ምንም ያልያዘ ሰው ልትመርጪ ነዋ፣ እትዬ?»

«ቅዳሜ እሱም ይመጣል» አለችው። «እሱንም ፊቱ ቆሜ እጠይቀዋለሁ። ጠመንጃ መያዙን አይደለም። ሲሳሳት የሚነግረውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ነው የምጠይቀው። ልጄን የሚያዝ ሰው ይህን ሳይመልስልኝ ድምፄን አያገኝም።»