የመስኡዳ ገንዳና የጋሽ አራጋው ጀርባ

ሐይቅ ከተማ ሰሞኑን የሚወራው ይኼ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ጋሽ አራጋው፣ የመስኡዳ መዋኛ ገንዳ ግድግዳ ጎብጦ ሊወድቅ ሲል ጎባጣ ጀርባቸውን ሰጥተው ያን ሁሉ ውሃ ሁለት ቀን ደግፈው ቆሙ፤ ምሳቸውንም በቆሙበት በሉ፤ በሦስተኛው ቀን ቀና ሲሉ ግድግዳውም ጀርባቸውም አብረው ቀኑ። ወሬው ውጫሌ ሲደርስ ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆኗል። ግሸን የወጣው ደግሞ ገንዳውን ትቶ አርዲቦ ሐይቅን አሸክሟቸዋል አሉ።

የወሬው አባት ባጃጅ ነጂው ወንዱ ነው። ወንዱ ሦስት ሰው አሳፍሮ ተነስቶ፣ ካፌ ሲደርስ አስራ አምስት አሳፍሬ መጣሁ የሚል ሰው ነው።

እኔ አላመንኩም። ጋሽ አራጋውን የሚያውቅ ሰው አያምንም። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ካፌ ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ወንበሩን ነው። አምባሰል ተራራ ላይ ያለ እርሻቸውን ትተው ወደ ከተማ ከወረዱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የዚያ ቁልቁለት ድካም ግን እስካሁን አልወጣላቸውም። በዚያ ላይ የከተማው የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው፤ የሚያፈስ ጣራ፣ የማይዘጋ በር፣ የተቀደደ ባልዲ፣ አንዴ እንዲያውም የተኳረፉ ባልና ሚስት። ሁሉንም "ተውኝ፣ ደክሞኛል" እያሉ ይቀበላሉ፤ "ተውኝ፣ ደክሞኛል" እያሉ ጠግነው ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ቀን ቆመ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ደግሞስ ግድግዳው የጎበጠው ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ የጎበጠን ግድግዳ ከውጭ በጀርባ መደገፍ ይብስ መግፋት አይደለም?

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

መስኡዳ ኩዌት አስራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከሥራዎቿ አንዱ የአሠሪዎቿን መዋኛ ገንዳ ማጽዳት ነበር። ጠዋት ቅጠሉን ትለቅማለች፣ ከሰዓት ጠርዙን ትፈትጋለች፤ እግሯን እንኳ ነክራበት አታውቅም። ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገችው ሴት መዋኘትም አትችልም። እኛ አገር ሴት ልጅ ሐይቁ ውስጥ ብትገባ አስራ ሁለት አጎት ይቆጣል፤ ስድስቱን ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም።

አሠሪዎቿ አዲስ ገንዳ ሲገዙ አሮጌውን ለምና ተቀበለች። እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል የላሜራ ግድግዳ፣ ትልቅ ሰማያዊ ላስቲክና አንድ ከረጢት ብሎን ነው። በካርጎ ላከችው፤ እሷም የሁለት ወር እረፍት ወስዳ ተከትላው መጣች። ሐሳቧ አንድ ነበር። ከመመለሷ በፊት አንዲት ቀን፣ የራሷ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቷ መቀመጥ።

ገንዳው እናቷ ጓሮ ተተከለ። ጎረቤት መጥቶ አየና ደነገጠ። ከመሬት በላይ ደረት የሚደርስ ውሃ፣ ያዘው የሚባለው ግድግዳ ደግሞ እንደ ጥፍር የሳሳ። ይኼን አይቶ ማን ይተኛል? አንድ ጠዋት የመስኡዳ እናት ጅጌ ጠሩ፤ ሃያ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ደረሰ። ዕድሜውን ሙሉ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር ሲያይ እጁ ወደ ድንጋይ ይሄዳል። ገንዳውን ዙሪያውን እስከ ወገቡ በአፈርና በድንጋይ ከበቡት፣ ጠቀጠቁት፣ መርቀው ሄዱ። ሐሳቡን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የራሱ መሰለው።

ለጊዜው ደህና ነበር። ውሃው ከውስጥ ይገፋል፣ አፈሩ ከውጭ ይገፋል፣ ግድግዳው መሐል ላይ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ቆሞ ሰነበተ። የሰፈሩ ልጆች ሦስት ሳምንት ተንቦጫረቁበት፤ ውሃው የጎመን ወጥ መሰለ። ይኼኔ መስኡዳ ለራሷ ቀን ንጹሕ ውሃ ልትሞላ አሮጌውን ደፋችው። ያን ዕለት ዝናብ ጣለ። አፈሩ ጠጥቶ ከበደ፤ ከውስጥ የሚመልሰው ውሃ የለም። ዓርብ ጠዋት ስትነሳ ግድግዳው ሆዱን ስቦ እንደ በሽተኛ ጎብጦ ጠበቃት።

"ጋሽ አራጋው፣ የነገ ሳምንት ቅዳሜ በረራ አለብኝ" አለቻቸው በራቸው ላይ ቆማ። "ስምንት ቀን ናት ያለችኝ።"

"ተይኝ መስኡዳ፣ ደክሞኛል" አሉ። መዶሻቸውን ግን ይዘው ወጥተዋል።

ግድግዳውን አዩና አፈሩን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ "አፈሩ ይነሳ" አሉ።

"ጎረቤቱን ልጥራ?"

"ሰው አልፈልግም።"

ብትጠራም የሚመጣ አልነበረም። ጅጌ ለመሥራት እንጂ ለማፍረስ ሲጠራ ታይቶ አይታወቅም። ሃያ ሰው በአንድ ጠዋት የከመረውን እሳቸው እሑድን አሳርፈው ሦስት ቀን ብቻቸውን ቆፈሩት። አምስት አካፋ ያወጡና አካፋውን ተመርኩዘው ሐይቁን ያያሉ፤ ሐይቁም ያያቸዋል፤ ሁለቱም የደከሙ ይመስላሉ። የመስኡዳ ጎረቤት ሰላማዊት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣

"ጋሽ አራጋው፣ መቃብርዎን ነው የሚቆፍሩት?" አለች።

"ለመቃብርማ ይኼን ያህል አልደክምም፤ እሱን ሌላ ሰው ነው የሚቆፍርልኝ።"

ማክሰኞና ረቡዕ ገንዳው ውስጥ ገብተው ላሜራውን በእንጨት መዶሻ ወደ ውጭ መቱት። በዚህ ሲቀና በዚያ ይጎብጣል።

"ወንዱን ነው የሚመስለው" አሉ፤ "እዚህ ስትይዘው እዚያ ሌላ ያወራል።"

ረቡዕ ከሰዓት ክንዳቸው እንቢ አለ። ባዶው ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብለው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይኼኔ ነው ወንዱ በአጥሩ ቀዳዳ ያየው። ሌላው ሁሉ የተጨመረው ባጃጁ ላይ ነው።

ሐሙስ የሰፈሩ የቧንቧ ተራ ነው። መስኡዳ የውሃ ጎማውን እየጎተተች መጣች።

"ውሃ መጣ ጋሽ አራጋው።"

"አልቀናም እኮ!"

"ኩዌት ስንተክለው ግድግዳው ውሃ ሲገባበት ነበር ቅርጹን የሚይዘው። እንሞክረው።"

"ቢቀደድስ?"

"ቢቀደድ ቅዳሜ ሄጃለሁ፤ አላየውም" አለች። ድምጿ ግን እንዲህ እንደዋዛ አልነበረም።

ላስቲኩን አነጠፉ። ሰላማዊትም የራሷን ተራ ለቀቀችላት፤ ሁለት ጎማ ተከፈተ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ምንም የለም። ጉልበት ደረሰ። ጋሽ አራጋው ጆሯቸውን ላሜራው ላይ ለጥፈዋል። ድንገት "ቋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ዘለለ፤ ጋሽ አራጋውም ዘለሉ፤ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ መዳፍ የምታህል እጥፋት ብቻ ቀረች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዙሪያው በሸራ ተጋረደ፤ ወንድ የተባለ ከጓሮው ወጣ። መስኡዳ ከነልብሷ ገብታ ቁጭ አለች፤ ውሃው አንገቷ ደረሰ። በር ላይ የጠበቀችው ሰላማዊት ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፅ አልሰማሁም አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ "አልሐምዱሊላህ፤ ማንም አይጠራኝም" ስትል ሰማኋት ብላለች።

ቅዳሜ ሄደች።

ትናንት ጋሽ አራጋው ካፌ ገቡ፤ ወንበሩን ሰላም አሉና ተቀመጡ። ወንዱ ዘሎ ተነሳ።

"እስቲ ይንገሯቸው ጋሽ አራጋው! እነዚህ አያምኑኝም። ወላሂ መስኡዳ ራሷ ኩዌት ድረስ ሰምታ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው አተረፉልኝ ብላ የጀርባ ቀበቶ ልትልክልዎት ነው!"

ጋሽ አራጋው ሻያቸውን አስቀመጡ።

"ቀበቶ?"

"የሐኪም ቀበቶ!"

"አትላክ በላት" አሉ። "አልደገፍኩም፤ ተኝቼ ነበር። ውሃም አልነበረበትም። ጀርባዬም እንደ ጎበጠ ነው፣ ይኸው እየው። ግድግዳውን ያቀናው ውሃው ነው፤ ውሃውን ያስገባችው እሷ ናት። ለእናቷ 'በእርከን ይከበብ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ያቀናሁት ግድግዳ የለም ወንዱ፤ ያጎበጥኩት ነው።"